ሳይበላሹ የሚሰናበቱ ዲስኮች

በትልልቅ ዳታ ሴንተሮች ውስጥ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ከሥራ የሚሰናበተው ብዙ ጊዜ ስለተበላሸ አይደለም። የመሰናበቻውን ቀን የሚቆርጠው የሒሳብ መዝገብ ነው። ለድርጅት የሚሠሩ ዲስኮች በተለምዶ የ5 ዓመት ዋስትና ይዘው ይወጣሉ። ዋስትናው ሲያበቃ የጥገና ውሉ ይወደዳል፣ መለዋወጫ ማግኘትም ያስቸግራል። ያን ጊዜ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ ወይም የኢንተርኔት ኩባንያው የስቶሬጅ ሥርዓቱን በሙሉ በአዲስ ይተካል። በሥርዓቱ ውስጥ 200 ዲስኮች ቢኖሩና ችግር ያሳዩት 5 ብቻ ቢሆኑ፣ ጤነኞቹ 195ቱም አብረው ይወጣሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ቦታና መብራት ነው። ኤችጂኤስቲ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2013 በሂሊየም ጋዝ የተሞላ ዲስክ ለገበያ ሲያቀርብ የዲስኩ መጠን 6 ቴራባይት ነበር። በ2024 ሌላው አምራች ሲጌት 30 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ አስተዋወቀ። አንዱ አዲስ ዲስክ የአምስቱን አሮጌዎች ሥራ ይሠራል፤ የሚይዘው ቦታ ግን የአንዱን፣ የሚፈጀውም መብራት የአንዱን ያህል ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ዲስኮች ለሚያስተዳድር ድርጅት ይህ ስሌት ብቻውን አሮጌዎቹን ለማስወጣት ይበቃል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። አንዳንዱ ዲስክ ወደ መፍጫ ማሽን ይገባል። አንዳንዱ በጅምላ ተሸጦ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችና በኢንተርኔት ጨረታዎች በኩል ወደ ግለሰቦች እጅ ይደርሳል። ገዢው ዕድለኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ብዙ ቴራባይት በትንሽ ገንዘብ አግኝቷልና። ቤቱ ወስዶ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊሰካው ሲሞክር ግን ሶኬቱ አልገጥም ይላል፤ ቢገጥምም ኮምፒዩተሩ አያየውም፤ ቢያየውም መጠኑን ዜሮ ብሎ ያነበዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። አብዛኞቹ ግን አልሞቱም። እንቢ የሚሉበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ መፍትሔውም በአንድ ሰው እጅ፣ በተራ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነው።

የሶኬቱ ጉዳይ

የቤት ኮምፒዩተር ዲስኮች የሚጠቀሙት ሳታ የሚባለውን የግንኙነት ዓይነት ነው። የድርጅት ዲስኮች ብዙዎቹ ሳስ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ አይለየውም። በሳታ ዲስክ ላይ የመረጃው ሶኬትና የመብራቱ ሶኬት በመካከላቸው ክፍተት አላቸው። በሳስ ዲስክ ላይ ያ ክፍተት ተደፍኗል፤ በጀርባውም በኩል ተጨማሪ የግንኙነት መስመሮች አሉ። ስለዚህ የሳታ ዲስክ የሳስ ማስገቢያ ላይ ይገባል፣ የሳስ ዲስክ ግን የሳታ ማስገቢያ ላይ አይገባም። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው።

ምክንያቱ ከፕላስቲኩ ያልፋል። የሳስ ዲስክ የሚረዳው ስካዚ የሚባለውን የትዕዛዝ ሥርዓት ነው፤ የተለመደው ማዘርቦርድ የሚናገረው ደግሞ ኤቲኤ የሚባለውን ነው። ገበያ ላይ ቅርጹን ብቻ የሚያቀያይሩ ርካሽ አዳፕተሮች ይሸጣሉ። ዲስኩ መብራት አግኝቶ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ማዘርቦርዱ ግን ምንም አያይም። አዳፕተሩ ቅርጽ እንጂ ትዕዛዝ አይተረጉምም።

የሚሠራው መፍትሔ ሳስ የሚያውቅ ካርድ ማስገባት ነው። ከአሮጌ ሰርቨሮች የሚወጡ እንደ ኤልኤስአይ 9211-8አይ ያሉ ካርዶች በፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ላይ ተሰክተው በቀጥታ ስምንት ዲስኮችን ያገናኛሉ። እዚህ ላይ ካርዱን ከውስጥ ለሚመራው ፕሮግራም፣ ለፋርምዌሩ፣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይኸው ካርድ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያቀርብ ፋርምዌርም፣ እያንዳንዱን ዲስክ እንዳለ አሳልፎ የሚሰጥ ፋርምዌርም ሊጫንበት ይችላል። አይቲ ሞድ የሚባለው ሁለተኛው ነው፤ ለቤት ተጠቃሚ የሚበጀውም እሱ ነው። ካርዱ የተሠራው ኃይለኛ ነፋስ ለሚነፍስበት ሰርቨር ስለሆነ፣ በተራ ኮምፒዩተር ውስጥ በላዩ ላይ ትንሽ ፋን ካልተደረገለት ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ከሳስ በፊት የነበሩት ባለ 40 ፒን የፋይበር ቻናል ዲስኮች ሌላ ነገር ናቸው። እነሱን ለማስነሳት የተለየ ካርድ፣ የተለየ ኬብልና የተለየ ማቀፊያ ያስፈልጋል። መጠናቸውም ዛሬ ከአንድ ፍላሽ ዲስክ ብዙም አይበልጥም። ገንዘብ ሊወጣባቸው አይገባም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገዢው ሳያውቀው ቀላሉ ዕጣ ይደርሰዋል። እንደ ኔትአፕና ኢኤምሲ ያሉ ኩባንያዎች በአንዳንድ ሥርዓቶቻቸው ውስጥ ተራ የሳታ ዲስክ ይጠቀሙ ነበር። ዲስኩ በታቀፈበት ትሪ ጀርባ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተገጥማ የሳታውን ቋንቋ ለትልቁ ሥርዓት ትተረጉማለች። ትሪው ተፈትቶ ሰሌዳዋ ስትነሳ ውስጡ ያለው ዲስክ ማንኛውም ማዘርቦርድ ላይ ሊሰካ የሚችል ሆኖ ይገኛል።

ስምንቱ ተጨማሪ ባይቶች

ካርዱ ተገዝቶ ኬብሉ ከተሰካ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው እንቅፋት ይበልጥ ያስገርማል። ሊኑክስ ዲስኩን በስሙ ይጠራዋል፣ የአምራቹን ስምና መለያ ቁጥሩን ያነባል፣ ከዚያም 520 የሆነውን የሴክተር መጠን አልቀበልም ብሎ ይተወዋል። ዊንዶውስም ሊጠቀምበት አይችልም።

ኮምፒዩተር ከዲስክ የሚያነበውም ሆነ የሚጽፈው ሴክተር በሚባል እኩል ጥቅል ነው። በግል ኮምፒዩተር ዓለም የሴክተር መጠን ለአሥርት ዓመታት 512 ባይት ሆኖ ቆይቷል፤ በአዳዲሶቹ ዲስኮች 4,096 ባይት ነው። በትልልቅ የስቶሬጅ ሥርዓቶች ውስጥ ግን በእያንዳንዱ 512 ባይት ላይ 8 ባይት ይጨመራል፤ 520 የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እነዚህ 8 ባይቶች በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ እንደሚሰፍሩት ቁጥርና ማኅተም ናቸው። ቲ10 የተባለው የደረጃዎች ኮሚቴ ባወጣው አሠራር መሠረት 2ቱ ባይቶች ከመረጃው ይዘት የሚሰላ ማረጋገጫ ይይዛሉ፤ አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ ስሌቱ አይገጥምም። ሌሎቹ 2 ባይቶች ለሚጠቀምበት ፕሮግራም የተተዉ ናቸው። የቀሩት 4ቱ መረጃው መቀመጥ ያለበትን አድራሻ ይመዘግባሉ፤ ዲስኩ ጽሑፉን በስህተት ሌላ ቦታ ላይ ቢጽፈው በሚነበብበት ጊዜ ይጋለጣል። ኔትአፕ የራሱን ዘዴ ተከትሏል፤ የስምንት ሴክተሮችን ትርፍ ባይቶች ሰብስቦ ለ4,096 ባይት መረጃ 64 ባይት ማረጋገጫ ያስቀምጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበ አንድ ጥናት 1.53 ሚሊዮን ዲስኮችን በ41 ወራት ውስጥ ተከታትሎ፣ መረጃው ከማረጋገጫው ጋር ያልገጠመባቸው ከ400,000 በላይ አጋጣሚዎችን መዝግቧል። በእነዚህ አጋጣሚዎች ዲስኩ ራሱ ምንም ስህተት አላስታወቀም። ያለማረጋገጫ ቢሆን ኖሮ የተበላሸው መረጃ እንደ ትክክለኛ ተወስዶ ያልፍ ነበር።

መፍትሔው ዲስኩን ከሥሩ እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። ይህ ዊንዶውስ በጥቂት ሰከንድ ከሚጨርሰው ፎርማት የተለየ ነው። ዲስኩ ራሱ መላ ገጹን በአዲስ የሴክተር መጠን መልሶ ይከፋፍላል። ሥራውን የሚያዝዘው የታወቀው መሣሪያ ዳግላስ ጊልበርት በጻፈው የሊኑክስ የመሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ የሚገኘው ኤስጂ-ፎርማት ነው። ተጠቃሚው አዲሱን መጠን 512 ብሎ ይሰጣል፤ የቲ10 ማረጋገጫ የበራባቸው ዲስኮች ላይ ደግሞ ማረጋገጫውን እንዲያጠፋ አብሮ ያዝዛል። ትዕዛዙ ከመሰጠቱ በፊት የዲስኩ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። በስህተት የራስን ዲስክ ያስፎረመተ ሰው ይግባኝ የለውም።

ሥራው ጊዜ ይወስዳል። 4 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት እየጻፈ ቢሄድ እንኳ ከ7 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ በተግባር ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። በመካከል መብራት ቢቋረጥ ዲስኩ ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ መጠን ተከፋፍሎ ይቀርና ማንበብም መጻፍም እንቢ ይላል። ያኔ መድኃኒቱ ሥራውን ከመጀመሪያው መድገም ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ይህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዩፒኤስ መኖር አለበት። ዩፒኤሱ የሰዓታቱን ርዝመት የማይችል ከሆነም ኮምፒዩተሩንና ዲስኩን አብሮ የሚሸከም ሌላ የመብራት ምንጭ ማዘጋጀት ይገባል።

ፎርማቱ ሲያበቃ ዲስኩ ባለ 512 ሴክተር ተራ ዲስክ ይሆናል። በዚያው ልክ ስምንቱ ባይቶች የሚሰጡት ጥበቃ ይቀራል። ይህን ጥበቃ መልሶ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ሥራውን ለፋይል ሥርዓቱ ሊያስረክበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰን ማይክሮሲስተምስ የወጣው ዜድኤፍኤስም ሆነ በሊኑክስ የሚገኘው ቢትርኤፍኤስ ለእያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ማረጋገጫ እያሰሉ ያስቀምጣሉ፤ ስህተት ሲያገኙ ያስታውቃሉ፤ ሁለተኛ ቅጂ ካላቸውም ከእሱ ያስተካክላሉ። ለዚህ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

የሦስተኛው ፒን እንቆቅልሽ

የሳታ ዲስክ የገዛ ሰው ከእነዚህ ችግሮች ያመልጣል፤ ሌላ ግን ይጠብቀዋል። ዲስኩ ጨርሶ አይነሳም። አይዞርም፣ ድምፅም የለውም። ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲወሰድ ግን ይሠራል።

ምክንያቱ የመብራት ሶኬቱ ሦስተኛ ፒን ነው። በቀድሞው ደንብ በዚህ ፒን በኩል 3.3 ቮልት ይተላለፍ ነበር፤ ዲስኮች ግን እምብዛም አይጠቀሙበትም ነበር። በኋላ የመጣው የሳታ ደንብ ፒኑን ለሌላ ሥራ መደበው፤ በርቀት ያለ ሰርቨር የተሰቀለን ዲስክ ማጥፋትና ማስነሳት እንዲችል ፒኑ ላይ ቮልት ሲመጣ ዲስኩ እንዲያርፍ ተደረገ። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒዩተር 3.3 ቮልቱን ሁልጊዜ ይልካል፤ አዲሱ የድርጅት ዲስክም ይህን እንደ ማቆሚያ ትዕዛዝ ወስዶ ዝም ይላል።

መላው ቀላል ነው። ሙቀት በሚችለው ካፕተን ቴፕ ፒኑን መሸፈን ይበቃል፤ ወይም 3.3 ቮልት የማያስተላልፈውን ባለ አራት ፒን የሞሌክስ አዳፕተር መጠቀም ይቻላል። አዳፕተር የሚመርጥ ሰው ሽቦዎቹ በቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ ከተቀበሩበት ይልቅ እያንዳንዱ ሽቦ በራሱ ብረት የተያዘበትን ይግዛ። ቀልጠው የተሠሩት ውስጣቸው እየተነካካ እሳት ያስነሱባቸው አጋጣሚዎች አሉ።

ዕድሜውን ማንበብ

ዲስኩ ተነሳ፤ ጥያቄው ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። ለ5 ዓመት ያለማቋረጥ የሠራ ዲስክ 43,800 ሰዓት ያህል ዞሯል። ሻጮች ይህን ሲያቃልሉት የድርጅት ዲስክ ለረጅም ዕድሜ የተሠራ ነው ይላሉ። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። በወረቀት ላይ የድርጅት ዲስክ በዓመት ብዙ መቶ ቴራባይት እንዲያስተናግድ ይፈቀድለታል፤ የቤት ዲስክ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ነገር ግን የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 100,000 የሚጠጉ ዲስኮችን መዝገብ መርምረው ሁለት ነገር አገኙ። አምራቾች በሰጡት የዕድሜ ግምት መሠረት በዓመት ከ0.88 በመቶ የማይበልጥ ብልሽት ሊኖር ይገባ ነበር፤ በተግባር ግን ከ2 እስከ 4 በመቶ መተካት የተለመደ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ 13 በመቶ የደረሰም ነበር። ሁለተኛው ግኝት ደግሞ በውዶቹ የድርጅት ዲስኮችና በርካሾቹ የሳታ ዲስኮች መካከል በመተካት ፍጥነት ብዙ ልዩነት አለመታየቱ ነው።

በሁለቱ ዓለማት መካከል ያለው አጥር ዝቅተኛ መሆኑን ያሳየ ሌላ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ታይላንድን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የዲስክ ፋብሪካዎችን ሲዘጋ ዋጋ ናረ። የካሊፎርኒያው ባክብሌዝ፣ የሰዎችን ባክአፕ በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ኩባንያ፣ ሠራተኞቹን ወደ ሱፐርማርኬት ልኮ ለቤት የሚሸጡ ውጫዊ ዲስኮችን አስገዛ፣ ሽፋናቸውን አስፈታ፣ በዳታ ሴንተሩ ውስጥ አሠራቸው። ኩባንያው ከ2013 ጀምሮ የዲስኮቹን የብልሽት መዝገብ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። በ2023 የዲስኮቹ ዓመታዊ የብልሽት መጠን 1.40 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 1.57 በመቶ ነበር። በ2013 ባወጣው ስሌት አዳዲስ ዲስኮች በመጀመሪያው ዓመት ተኩል በዓመት በ5.1 በመቶ ይበላሹ ነበር፤ ከዚያ እስከ ሦስተኛው ዓመት ወደ 1.4 በመቶ ይወርዱና ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 11.8 በመቶ ይወጡ ነበር። የኋለኞቹ ዲስኮች ከዚያ የተሻለ ዕድሜ አሳይተዋል፤ ይሁንና እርጅና ሲመጣ ብልሽት መጨመሩ አልተለወጠም። ከዳታ ሴንተር የሚወጣ ዲስክ ገዢው እጅ የሚደርሰው ብልሽት በሚጨምርበት በዚህ ዕድሜ ላይ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዲስክ ለብቻው መመርመር ያስፈልጋል። ዲስኮች ስለራሳቸው የሚይዙት ስማርት የሚባል መዝገብ አለ። ስማርትሞንቱልስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን መዝገብ ያነባል። ባክብሌዝ በተለይ አምስት ቁጥሮችን ይከታተላል፤ እነሱም ቁጥር 5፣ 187፣ 188፣ 197 እና 198 ናቸው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን፣ 197 ደግሞ አጠራጣሪ ሆነው ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቆጥራል። የሳስ ዲስኮች እነዚህን ቁጥሮች አይዙም፤ በምትካቸው በሥራ ላይ እያሉ የተገኙ ጉድለቶችን ዝርዝር ይይዛሉ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ቁጥሩ ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው እየጨመረ ከሄደ ግን ዲስኩ እየወደቀ ነው።

ተገቢው አካሄድ እንዲህ ነው፤ መዝገቡን ማንበብ፣ የዲስኩን ረጅም የራስ ምርመራ ማስኬድ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው መጻፍና መልሶ ማንበብ፣ በመጨረሻ መዝገቡን እንደገና አንብቦ ቁጥሮቹን ማወዳደር። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድም ቁጥር ያልተንቀሳቀሰ ዲስክ ለሥራ ብቁ ነው።

ብቁ ነው ማለት ግን የተረጋገጠ ነው ማለት አይደለም። በጎግል የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን መርምረው፣ ገጹ ሲቃኝ የመጀመሪያው ስህተት የታየበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመበላሸት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት በ39 እጥፍ እንደሚበልጥ አገኙ። በዚሁ ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተመራማሪዎቹ ጠንካራ ብለው ከለዩአቸው አራት የስማርት ምልክቶች በአንዱም ላይ ምንም ሳያሳዩ ነበር የወደቁት። መዝገቡ ክፉ ሲናገር ሊታመን ይገባል፤ ዝም ሲል ግን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም።

መዝገቡ ራሱ ሊሰረዝም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የጀርመኑ የቴክኖሎጂ ኅትመት ሃይዘ እንደ አዲስ የተሸጡ የሲጌት ኤግዞስ ዲስኮች ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ መሆናቸውን አጋለጠ። ሻጮቹ የስማርት ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሰውት ነበር። ያጋለጣቸው ፋርም የሚባለው ሁለተኛ መዝገብ ነው፤ በእሱ ላይ ከ15,000 እስከ 50,000 ሰዓት ተመዝግቦ ተገኘ። ምርመራው ዲስኮቹን ቺያ የተባለውን የክሪፕቶ ገንዘብ ለማምረት ከተቋቋሙና በኋላ ከተዘጉ የቻይና ጣቢያዎች ጋር አያይዟቸዋል። የሲጌት ዲስክ የሚገዛ ሰው ሁለቱንም መዝገቦች አንብቦ ሰዓታቸው መቀራረቡን ማየት አለበት። ስማርትሞንቱልስ ከ7.4 እትሙ ጀምሮ ፋርምን ያነባል።

የት ይዋል?

ሁሉም የተሰናበተ ዲስክ መዳን የለበትም። በደቂቃ 15,000 ጊዜ የሚዞሩት የቀድሞ ፈጣን ዲስኮች መጠናቸው 300 ወይም 600 ጊጋባይት ነው፤ ይጮኻሉ፣ ይሞቃሉ። እነሱ አንድን መረጃ ለማግኘት በአማካይ ግማሽ ዙር ሲጠብቁ 2 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ከዚህ ላይ የራሱ የንባብ ክንድ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ይጨመራል። ርካሽ የሚባለው ኤስኤስዲ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ድምፅም የለውም። ለእነሱ ካርድና ኬብል መግዛት ኪሳራ ነው።

ዋጋ ያላቸው በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞሩት፣ ከ4 ቴራባይት ጀምሮ የሚይዙት ናቸው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በኤስኤስዲ ላይ ይቀመጥ፤ ፊልሙ፣ ፎቶው፣ የቪዲዮ ሥራው፣ የደህንነት ካሜራ ቅጂውና ባክአፑ በእነዚህ ላይ ይዋል። ሲጫኑ ሁለት ነገር መታሰብ አለበት። በሰርቨር ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ኃይለኛ ነፋስ ያገኙ ስለነበር በቤት ኮምፒዩተርም ፊት ለፊታቸው ፋን ያስፈልጋቸዋል። ሲነሱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ ስምንቱ አንድ ላይ ሲነሱ ወደ 190 ዋት ይደርሳል። ደካማ ፓወር ሰፕላይ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የጠባይ ልዩነትም አላቸው። የድርጅት ዲስክ ማንበብ ያቃተው ሴክተር ሲገጥመው ብዙውን ጊዜ ለ7 ሰከንድ ያህል ሞክሮ ይተዋል፤ ሌሎች ዲስኮች ቅጂውን ይዘዋል ብሎ ያምናልና። የቤት ዲስክ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይታገላል። ብቻውን የተቀመጠ የድርጅት ዲስክ በሚገባ ተነብቦ ሊገኝ የሚችልን ፋይል ቶሎ ተስፋ ሊቆርጥበት ይችላል። ይህን ጊዜ የሚያራዝም ቅንብር በብዙ ዲስኮች ላይ አለ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለት ዲስኮችን አንዱ የሌላው ቅጂ አድርጎ ማጣመር ነው። ሁለቱ ከተለያየ ቦታ የተገዙ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ከአንድ ሥርዓት የወጡ ዲስኮች ዕድሜያቸውም ድካማቸውም አንድ ነውና።

የሌላ ሰው መረጃ

ከተሰናበቱት ዲስኮች ብዙዎቹ ገበያ የማይደርሱት በቴክኒክ ችግር ሳይሆን በፍርሃት ነው። ፋይናንሻል ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች እንደገና ሊሠሩ የሚችሉ የማከማቻ መሣሪያዎችን በየዓመቱ በሚሊዮኖች እንደሚፈጩ አስነብቧል።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። በኤምአይቲ ይማሩ የነበሩት ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሼላት ከኅዳር 2000 እስከ ነሐሴ 2002 እ.ኤ.አ. 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ገዙ። ይሠሩ ከነበሩት 129 ዲስኮች መካከል በትክክል የተደመሰሱት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ላይ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የግል ደብዳቤዎች ተገኙ። አንዱ ዲስክ ኢሊኖይ ውስጥ ከነበረ የገንዘብ ማውጫ ማሽን የወጣ ይመስላል።

ከሃያ ዓመት በኋላም ነገሩ አልተወገደም። የአሜሪካው የገንዘብ ሰነዶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የሞርጋን ስታንሊ የሀብት አስተዳደር ክፍል 35 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገ። ተቋሙ ከዳታ ሴንተሮቹ የወጡ ዲስኮችን እንዲያስወግድ የቀጠረው መረጃ በመደምሰስ ልምድ የሌለውን የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር። መሣሪያዎቹ የደንበኞች መረጃ እንደያዙ በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። ጥፋቱ የታወቀው በ2017 ከገዢዎቹ አንዱ፣ በኦክላሆማ የሚኖር የቴክኖሎጂ አማካሪ፣ በእጁ የገባውን አይቶ ለተቋሙ በጻፈ ጊዜ ነው።

መፍጨት ግን ብቸኛው መልስ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ800-88 መመሪያው መደምሰስን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ መሰረዝ፣ ማጽዳትና ማውደም። ለዘመናዊ ማግኔታዊ ዲስክ መላውን ገጽ አንድ ጊዜ በሌላ መረጃ መሸፈን ለመሰረዝ ደረጃ ይበቃል። መረጃ 35 ጊዜ ካልተጻፈበት አይጠፋም የሚለው እምነት ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ቀድሞ ዲስኮች ከጻፈው ጥናት የተወሰደ ነው፤ ለዛሬዎቹ አይሠራም። ራሱን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፍ ዲስክ ሲሆን ደግሞ ቁልፉ በሰከንድ ይለወጣል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ የማይነበብ ይሆናል። እንዲህ ያለውን የተቆለፈ ዲስክ የገዛ ሰው በዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሚገኘውን ፒኤስአይዲ የተባለ ባለ 32 ፊደል ቁጥር አስገብቶ ወደ ባዶነት ሊመልሰው ይችላል፤ ወረቀቱ የተላጠ ከሆነ ግን ባይገዛው ይሻላል። ኤስኤስዲ ግን በላዩ በመጻፍ ሙሉ በሙሉ አይጸዳም፤ አምራቹ በውስጡ ያስቀመጠው የማጽጃ ትዕዛዝ መሰጠት አለበት።

ይህን አሠራር በስፋት መሞከር እንደሚቻል ታይቷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 በአምስተርዳም የመጀመሪያውን ሰርኩላር ሴንተር ከፍቶ የተሰናበቱ ሰርቨሮችን እየፈታ አካላቶቻቸውን መልሶ ለሥራ ያውላል፤ በ2024 ዳግም ጥቅም ላይ የዋሉትና ወደ ጥሬ ዕቃ የተመለሱት 90.9 በመቶ መድረሳቸውን አስታውቋል። በዓለም ላይ ግን ገና ብዙ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲመረት ተሰብስቦ በአግባቡ መታደሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። በእያንዳንዱ ዲስክ ውስጥ ያለው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከመሬት የወጣው በብዙ ድካምና በብዙ ብክለት ነው፤ በመፍጫ ውስጥ ካለፈ በኋላ ለይቶ ማውጣቱ እጅግ ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን ካልተፈቀደለት ሰው እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰርቨሮቻቸውን ሲለውጡ አሮጌዎቹ ዲስኮች በመጋዘን ተቆልፈው አቧራ እንዲጠጡ ወይም በመዶሻ እንዲሰበሩ ማድረጉ ሕጉን ለማክበር የግድ አያስፈልግም። እያንዳንዱን ዲስክ በመለያ ቁጥሩ መዝግቦ፣ በታወቀ መመሪያ ደምስሶ፣ መደምሰሱን በናሙና አንብቦ አረጋግጦ፣ የማረጋገጫ ወረቀት አውጥቶ ለትምህርት ቤት ወይም ለገበያ መልቀቅ ይቻላል። ገዢውም በበኩሉ ይህን ወረቀት ይጠይቅ፤ የሌላ ሰው መረጃ ያለበት ዲስክ ቢደርሰው ፋይሉን ሳይከፍት ይደምስሰው፤ በአሮጌ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውም ነገር ሁሉ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው።